የስፌት መኪናዋን የሚሸከም ግድግዳ

ሰኞ፣ የካቲት 3

በዚህ ከተማ እጄ ያላረፈበት ግድግዳ የለም።

እሺ... አለ። ብዙ አለ። ግን ከሠራኋቸው አንድም የፈረሰ የለም። አንድ አጥር ብቻ። እሱም የጎርፉ ጥፋት ነው።

ዛሬ ይቺን ደብተር ጀመርኩ። የማታ ትምህርቴን ጨርሼ ምስክር ወረቀት ከተቀበልኩ ዐሥር ቀኔ። አስተማሪያችን ስትሸኘን "በየቀኑ ጻፉ፤ ፊደል እንደ ተከራይ ነው፣ ካላነጋገራችሁት ሳይሰናበት ይወጣል" አለችን። ሠላሳ አንድ ሰው ነበርን። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ... በዕድሜ።

ምን ይጻፋል? ሚጢጢን ስጠብቅ ዋልኩ። ሚጢጢ የልጄ ልጅ ናት፤ ዓመት ከአራት ወሯ። እሷ ለመራመድ፣ እኔ ለመጻፍ፣ ሁለታችንም ስንንገዳገድ ዋልን። እሷ ሰባት ጊዜ ወደቀች። የእኔን የቆጠረ የለም።

የሚስቴ የስፌት መኪና አሁንም በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ናት። እግሯ ያለው ጠረጴዛዋ እዚህ ልጄ ቤት ስለማይገባ ትተነው፣ ራሷን ብቻ ተሸክሜ ነው የመጣሁት። ሚጢጢ መዘውሯን ካላዞርኩ ብላ ስታስቸግረኝ ዋለች። የማን መሆኗን በምን አወቀች?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ጉድ ፈላ። መዘውሯ የሚጢጢን ጣት ያዘው። ጥፍሯ ጠቁሯል። ዐይኔን ያነሳሁት ለአፍታ ነው... ለአፍታ ነው?

ልጄ ከሥራ ስትመለስ አየችው።

"አባዬ፣ ይቺ ነገር ከወለል መነሳት አለባት።"

"አነሳታለሁ።"

"የት ላይ? ያንተ አልጋና የሚጢጢ አልጋ ከገቡ በኋላ ክፍሉ ምን ቀረው? ወይ አልጋ ሥር ትግባ፣ ወይ ለተለማማጇ እንስጣት።"

"እናትሽን አልጋ ሥር?"

"መኪና ናት፣ አባዬ።"

"ለአንቺ።"

ይቺን ማለት አልነበረብኝም። እናቷ ናት እኮ። ለእሷም ሞታባታለች።

ተለማማጇ ሚስቴ ሙያ ያስተማረቻት ልጅ ናት። በ16፣ እሑድ፣ መጥታ ልትወስዳት ተነጋግረው ነበር ለካ። እኔ ሳልሰማ!

"ግድግዳው ላይ መደርደሪያ እሰቅላለሁ" አልኩ። "እግር የሌለው፣ ደጋፊው የማይታይ፣ ከግድግዳው የበቀለ የሚመስል። ሚጢጢ አድጋ እስክትሰፋባት እዚያ ላይ ትቀመጣለች።"

የጠቆረውን ጥፍር አየች። ከዚያ ቀስ ብላ... "በሥሩ የምትተኛው ልጄ ናት፣ አባዬ። እስከ እሑዱ ካስተማመነኝ ትቀመጥ። ካላስተማመነኝ ትሄዳለች።"

ግድግዳ! እኔን! ሠላሳ ዓመት ግንበኛ የነበርኩትን!

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ስለ እሷ ሳልጽፍ ይቺ ደብተር ምኗ ደብተር ነው? ይኸው ልጻፍ።

ሰፈሩ "እትዬ መርፌ" ይላት ነበር። ቀጭን ስለሆነች አይደለም... ቀጭንም አልነበረችም። በነገር ስለምትወጋ ነው። እኔን "ያንተን ጉራ ልስፋው ብል ጨርቅ አይበቃኝም" ትለኝ ነበር። ደንበኛ ፊት! ደንበኞቹ በሳቅ ፍርስ። እኔም አብሬ።

የሰው ልክ የምትጽፍበት ደብተር ነበራት። ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። ዐይኗ ሲደክም "እስቲ አንብብልኝ" ትለኛለች፤ "መነጽሬ ጠፋ" እላታለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ታውቃለች። አንድ ቀን እንኳ አላዋረደችኝም።

ስትታመም ነው የማታ ትምህርት ያስመዘገበችኝ። "አጠገቤ ተቀምጠህ ስትለፈልፍ በሽታዬ ራሱ እንቅልፍ አጣ። ሂድና ፊደል ቁጠር። ስትመለስ ታነብልኛለህ።" ሄድኩ። በየምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት።

ትምህርት በጀመርኩ በሁለት ወሬ፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ምሽት ልጄ ደጋግማ ደወለች። አላነሳሁም። ክፍል ነበርኩ። "ጨ"ን እየጻፍን ነበር፤ ክፍል ውስጥ ስልክ አይነሳም፣ ደንብ ነው። ስመለስ አልቆየችኝም።

እሷ የላከችኝ ቦታ ነበርኩ። ልጄም "ይሄ ያጽናናኛል" ትላለች።

በቃኝ ለዛሬ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

መደርደሪያውን ገዛሁ። ወፍራም ጣውላ፣ ሜትር ከሃያ። ከበስተጀርባው ሦስት ቀዳዳ አለው። ግድግዳው ላይ የሚታሰር ብረት አለ፤ ከብረቱ ሦስት ጣት ወጥቷል፤ ጣውላው እንደ ጓንት ይገባበታል። አሪፍ ነገር ነው። የፈጠረው ሰው ግንበኛ ሳይሆን አይቀርም።

ባለሱቁ "ግድግዳው ምንድን ነው፣ ጋሼ?" አለኝ።

"ግድግዳው ግድግዳ ነዋ!"

"ብሎኬት ነው ወይስ ጂፕሰም?"

"አንተ ልጅ፣ ስለ ግድግዳ ልትጠይቀኝ ነው ልታስተምረኝ?"

"እሺ... ወረቀቱን ግን ያንብቡት።"

አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ፊደል የቆጠርኩት ወረቀት ስለ ግድግዳ እንዲመክረኝ ነው እንዴ?

ቤት ገብቼ ግድግዳውን አንኳኳሁት። እንደ ከበሮ ጮኸ። ጂፕሰም! ካርቶን ለብሶ ግድግዳ ነኝ የሚል ጉረኛ። (ሚስቴ ብትኖር "ዘመድህን አገኘህ" ትለኝ ነበር።)

ድንጋይ ላይ እንደማደርገው አደረግኩ። ቀዳዳውን ሰፋ አድርጌ ቦረቦርኩ፣ ሲሚንቶ አቦካሁ፣ ጠቀጠቅኩበት፣ ብሎኑን ሲሚንቶው ውስጥ ቀበርኩ። ስድስት ቦታ። እስከ ነገ ይደርቃል። በእኔ ሲሚንቶ ዝሆን ይሰቀላል።

እሑድ፣ የካቲት 9

ዝሆኑ እኔው ነኝ።

ሚስማር መጥቶ ነበር። አናጺ ጓደኛዬ ነው፤ ዐይተህ ካልያዝከው ከጣውላው የማይለይ ቀጭን። ብረቱን አሰርን፣ ጣውላውን አስገባን። ያምራል! ሚስማር በጣቱ ጫን አለውና ፊቱ ተለወጠ።

"ሰውዬ፣ ይሄን ነገር አልተማመንበትም።"

"መኪናዋን ከመስቀሌ በፊት እኔ እሰቀልበታለሁ! ሰባ ስምንት ኪሎ ነኝ!"

"ተው..."

በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ጉልበቴን አጠፍኩ፤ "አየህ?" ልል ነው... "አ" ላይ ቀረሁ።

ብሎኖቹ ብቻ ሳይሆኑ ግድግዳው ራሱ አብሮ መጣ። እርጥብ ሲሚንቶ ጂፕሰሙን እንደ ሻይ የነካ ዳቦ አድርጎታል። በወገቤ ወደቅኩ። ሚስማር መጀመሪያ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ዐየን። የብረቱ ማዕዘን የሚጢጢ ትራስ ላይ ነው ያረፈው። ልጅቷ ወጥ ቤት ከእናቷ ጋር ነበረች። ትራሱ ግን ተቀዷል። ጭንቅላቷን የምታሳርፍበት ጋ።

ልጄ ገባች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ትራሱን አነሳች። ነጩን አቧራ አራገፈች። ቀዳዳውን በጣቷ ነካችው።

"እሑድ ትወስዳታለች፣ አባዬ።"

ሰኞ፣ የካቲት 10

ወገቤ ያመኛል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁት።

ሚጢጢን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጣቴን ከፊደል ፊደል እያሻገርኩ፤ አንዱን ገጽ እስክጨርስ ረፋዱ አለቀ። ሚጢጢ ታዳምጣለች። ከእኔ ይልቅ የገባት ትመስላለች።

እንዲህ ይላል። የጂፕሰም ሰሌዳ መሸፈኛ ነው እንጂ ተሸካሚ አይደለም። ከኋላው ባዶ ነው። ባዶው ውስጥ ግን በየስልሳ ሳንቲሙ ቋሚ እንጨት አለ፤ ሸክሙን የሚችለው እሱ ነው። ከባድ ዕቃ ሲሰቀል ብሎኑ የግድ ቋሚውን ማግኘት አለበት። ብሎን የሚሰካበት የፕላስቲክ ፊሸር ብቻውን ለቀላል ሥዕል እንጂ ለዚህ አይሆንም። ማብሪያ ማጥፊያ ካለበት ቀጥታ ወደ ላይም ወደ ታችም አይበሳም፤ ገመድ ይኖራል። በላዩ የሚቀመጠው ዕቃ ከሠላሳ ኪሎ አይለፍ።

ሁሉም ተጽፏል! ቅዳሜ ኪሴ ውስጥ ነበር!

ለመሆኑ የማይታይ እንጨት እንዴት ይገኛል? ወረቀቱ "ሰሌዳው በቋሚው ላይ በብሎን ስለተመታ፣ ማግኔት ብሎኑን ያገኛል" ይላል።

ማግኔት... ከየት?

ከሚስቴ የክር ሣጥን። ሚስቴ ወለል ላይ የፈሰሰ ስፒል የምትለቅምበት ማግኔት አለቻት፤ ክብ፣ አውራ ጣት የምታክል። ማታ ማታ ጎንበስ ብላ ምንጣፉን ትዳስስባት ነበር፤ እግሬን እንዳይወጋኝ። እኔ ስፒል ወግቶኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ዛሬ ነው ያሰብኩት። ዛሬ!

በክር አሰርኳት። በሌላኛው ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋዎቹ ራቅ ባለው፣ ቀስ እያልኩ ጎተትኳት። ምንም። ምንም። ምንም... ድንገት ጠቅ አለችና ተጣበቀች።

እጄን ለቀቅኩ። አልወደቀችም። ባዶ ግድግዳ ላይ ብቻዋን ቆመች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚጢጢም ምን እንደሆነ ሳታውቅ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አልጽፍም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሚስማር ድሪሉን ይዞ መጣ። የፈረሰውን ግድግዳ እሱ በአዲስ ሰሌዳ ደፈነው፤ እኔ ለሰንኩት። ሰሌዳው ቢያሳፍረኝም ልስን ልስን ነው፤ ማንም አይለየውም። (ሚስማር ይለየዋል። ዝም ብሏል።)

ማግኔቷ ባለፈችበት በእርሳስ ምልክት አደረግን። ወደ ላይ ሲሄዱ ብሎን፣ ወደ ታች ሲሄዱ ብሎን፤ በአንድ መስመር። ስልሳ ሳንቲም ለካን፤ ሌላ መስመር። ሁለት ቋሚ። ማብሪያው በዚያ በኩል የለም።

"መጀመሪያ በቀጭኑ ብሳና ምን እንደሚወጣ አይተህ ንገረኝ" አለኝ ሚስማር።

በሳሁ። ነጭ ዱቄት። አሁንም ነጭ... ከዚያ ብጫ ፍቅፋቂ። እንጨት!

"አገኘሁት!" ብዬ ጮህኩ። ሚጢጢ በድንጋጤ አለቀሰች።

ብረቱን በውሃ ልክ አስተካከልን። አረፋዋ መሐል ገባች። ረጃጅሞቹን ብሎኖች በየቋሚው ሁለት ሁለት አሰርን፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ስንጨርስ ሚስማር ወደ እኔ ሳያይ...

"ያን ምሽት ግን ለልጅህ..."

"ምን ያን ምሽት?"

"ምንም። ካቻቢቴውን አቀብለኝ።"

አቀበልኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አልተሰቀልኩበትም። ተምሬያለሁ።

ባለሱቁ ሚዛን ላይ አሸዋ አስመዝኜ በሁለት ከረጢት አመጣሁ፤ ልክ ሠላሳ ኪሎ። መኪናዋ አስራ አራት ናት። መደርደሪያው ላይ አደረግኩትና ከግድግዳው ጋር ባለው ክፍተት ወረቀት ሰካሁ። ቢላቀቅ ወረቀቱ ይወድቃል። ሥሩ ያለው ቁም ሣጥን ነው፤ አልጋ አይደለም። ሚጢጢን ከእናቷ ክፍል አስተኛን።

ልጄ በር ላይ ቆማ አየች። እጇን አጣጥፋ።

"ያ ወረቀት ምንድን ነው?"

"ጠባቂ።"

ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ ስትስቅ ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያዋን አላስታውስም፤ ምናልባትም የመጀመሪያዋ ይቺው ናት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ወረቀቷ አልወደቀችም። ሄጄ አየሁ። ተመልሼ መጣሁ። ሄጄ አየሁ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ተለማማጇ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጋሪ የሚገፋ ሰው አስከትላ፤ መኪናዋን የምትጠቀልልበት ብርድ ልብስ እንኳ ይዛ ነበር። ልጄ "ቆይ" አለቻት። መደርደሪያው ሥር ሄደች። አሸዋውን አወረደች፤ ሁለት እጇን ጣውላው ላይ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። አንድ ጊዜ። ደግማ።

"አባዬ፣ አምጣት።"

ተሸከምኳት። ወገቤ ይመመኝ። ጀርባዋን ግድግዳው ጋ አስጠግቼ አስቀመጥኳት፤ እንዳትንሸራተት በቀበቶ አሰርኳት። ሦስታችንም ወደ ኋላ ሄደን አየናት። ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ሰው የምትገላምጥ ትመስላለች... ያምርባታል!

ተለማማጇ አለቀሰች። "እትዬ ባየችው! 'ይቺን ስፌት ፍቺው' ብላ አስር ጊዜ ያስፈታችኝ በእሷ ላይ ነው።" የሚስቴን መቀስና የልክ ደብተር ለእሷ ሰጠናት። ደብተሩን ከመስጠቴ በፊት ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። ስለ እኔ ምንም የለም። ምን ልትጽፍ ኖሯል? ብትጽፍስ ማን ሊያነብላት?

ልጄ ትከሻዬን አቅፋ ለተለማማጇ ነገረቻት። "አባዬ እኮ ወረቀቱን ራሱ አንብቦ ነው የሠራው። እናቴ ያለችውን አንድም ቀን አላጎደለም። ስትሞት እንኳ ክፍል ነበር። እኔ ያን ምሽት ስልክ አላነሳህም ብዬ ተናድጄበት ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ደስ ይለኛል። እሷ የፈለገችው ቦታ ነበር።"

ተለማማጇ እጄን ስማ "ታድለሃል፣ ጋሼ" አለችኝ።

"እንዴታ!" አልኩ።

እንዴታ አልኩ። አፌን ቁርጥ ያርገው።

ሄዳለች። ልጄ ሚጢጢን ይዛ ውጭ ናት፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ነገ ከሥራ ስትመለስ እነግራታለሁ። "ደስ ይለኛል" ያለችውን ልነጥቃት ነው። ምን ትለኝ ይሆን? ላታናግረኝ ትችላለች። ከዚህ ቤት ውጣ ብትለኝም... እሺ። ግን መጀመሪያ እዚህ ልጻፈው፤ ስጽፈው እጄ ከታዘዘኝ አፌም ይታዘዘኝ ይሆናል።

በዚህ ደብተር ውስጥ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ዝሆኑም፣ ትራሱም፣ ማግኔቷም። አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። በ6፣ ሐሙስ ለት የጻፍኳትን። "ጨ"ን እየጻፍን ነበር ያልኩትን።

ክፍል አልነበርኩም። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ነበርኩ። እነ ሚስማር ተሰብስበዋል። ሁለት ወር ብቻ የተማርኩ ሰውዬ ጋዜጣ ሳነብላቸው እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው የቀረሁት። ጋዜጣውንም አላነበብኩትም። አስተማሪያችን ባለፈው ቀን ያነበበችልን ገጽ ነው፤ ሸምድጄዋለሁ። ጣቴን መስመሩ ላይ እየነዳሁ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሁሉም አፉን ከፍቶ ያየኛል። "ወይ ጉድ! ይሄ ሰውዬ!" ይላሉ።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጠራ። ዘወር ብዬ አየሁት። ስክሪኑ ላይ ሁለት ፊደል አለ። ማንም አልነገረኝም፤ አልሸመደድኩትም። በሕይወቴ ራሴ ያነበብኳት የመጀመሪያ ቃል እሷ ናት።

"ልጄ!" ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

አጨበጨቡልኝ።

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩትና ወደ ጋዜጣው ተመለስኩ።